137 ለ 1፦ ሲመቸን ያጨበጨብንለት ሕግ

«ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፤ ማን እንደሚገባበት አይታወቅምና» ይላሉ አበው። እኛ ግን ጉድጓዱ ሲማስ ዙሪያውን ከበን አጨበጨብን። ሌላ ሰው ይገባበታል ብለን ነበራ! ኋላ ማን እንደገባበት ሁሉም ያውቀዋል።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም.ን የማያስታውስ የዚያ ዘመን አዲስ አበቤ አለ? ጎህ ሳይቀድ ጋቢውን ደርቦ የወጣው፣ ሰልፍ ላይ ከማያውቀው ሰው ጋር ቆሎ የተካፈለው፣ ፀሐይ እየበላው የመጣው ይምጣ ብሎ የቆመው ሕዝብ እንዴት ይረሳል! ውጤቱም ተሰማ። ለፌዴራሉ ፓርላማ ከአዲስ አበባ 23 ወንበሮች 23ቱም የቅንጅት። ለከተማው ምክር ቤት ከ138 ወንበሮች 137ቱ የቅንጅት። አንዷ፣ አንዲቷ ብቻ፣ የኢሕአዴግ!

137 ለ 1! እንደ ኳስ ጨዋታ ውጤት በየሻይ ቤቱና በየታክሲው ተቀባበልነው። ይህን የሚጽፈው ሰው ጭምር ጮቤ ረግጧል። አልዋሽም።

በሰፈራችን አንድ ጡረተኛ አዛውንት ነበሩ፤ እኛ «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። ኢሕአዴግን እንደሚመርጡ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሳቸውም አይደብቁም። ውጤቱ የተሰማ ሰሞን መንገድ ላይ አስቆሙኝና «ልጄ፣ በዚህ ከተማ ኢሕአዴግን የመረጥኩ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ አይደሉም ጋሼ» አልኳቸው።

«እንግዲያው የኔ ቢጤዎቹ የት ገባን? በአንድ ወንበር ላይ ተደራርበን ነው የተቀመጥነው?»

ሳቅሁ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌው ግን የቀለዱ አልነበሩም። የጠየቁኝ የዚህን አገር የምርጫ ሥርዓት ትልቁን ጥያቄ ነበር፤ እኔ ግን በድል ሰክሬ ስለነበር አልሰማኋቸውም።

ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ላይ የከተማው ምክር ቤት ምርጫ እንደገና ተካሄደ። በዚያ መሐል ምን እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል፦ ደም ፈሰሰ፣ መሪዎች ታሰሩ፣ ቅንጅት ተበታተነ፣ ገሚሱ ተቃዋሚ ከውድድሩ ወጣ። ውጤቱ ምን ሆነ? ኢሕአዴግ ከአንድ ወንበር በስተቀር ጠቀለለው! ያው የትናንቱ ቁጥር ተገልብጦ መጣ። ጋሼም አገኙኝ። «እህ! አሁንስ እነማን ናችሁ የተደራረባችሁት?» አሉና ሄዱ። መልስ አልነበረኝም።

ዛሬ መልሱን እሰጣለሁ። መልሱም ይኸው ነው፦ የበላን ሕግ ያኔ ያጨበጨብንለት ሕግ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 2 ነገሩን በአጭሩ ይጨርሰዋል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል የሚሆነው በአንድ የምርጫ ክልል ከሚወዳደሩት መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘው ነው። አለቀ። ግማሽ ይሙላ አይሙላ፣ የቀረው ሕዝብ ይውደደው ይጥላው፣ ሕጉ አይጠይቅም። አንደኛ ወጣህ? ወንበሩ ያንተ። ሁለተኛ ወጣህ? በአንድ ድምፅም ተበለጥ በአሥር ሺህ፣ ባዶ እጅህን ወደ ቤትህ!

እስቲ እንደ ጉልት ሂሳብ በጣታችን እንቁጠረው። ምሳሌ ነው፤ ቦታው የትም አይደለም። በአንድ የምርጫ ክልል 10,000 ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል። «ሀ» ፓርቲ 3,500 አገኘ። «ለ» 2,500 አገኘ። «ሐ» 2,200 አገኘ። «መ» 1,800 አገኘ። ማን ያልፋል? «ሀ»። ስንት ሰው «ሀ»ን አልመረጠም? 6,500! ይህ ሁሉ ሕዝብ በማግስቱ «ተወካይህ ይኸውልህ» ተብሎ ያልመረጠው ሰው ይሰጠዋል።

አሁን ደግሞ ይኸው ነገር በአገሪቱ 547 የምርጫ ክልሎች ሁሉ ተደገመ እንበል። 35 በመቶ ድምፅ ያገኘው ፓርቲ 547 ወንበር ይወስዳል። 65 በመቶ የሆነው ሕዝብ ዜሮ! ልብ በሉ፤ አንድም ካርድ አልተሰረቀም። አንድም ኮሮጆ አልተገለበጠም። ታዛቢ አልተባረረም፣ መብራት አልጠፋም። ሁሉም «በሕግ አግባብ» ነው የተፈጸመው። የሰው ድምፅ ግን ተበልቷል።

«ይሄ የወረቀት ላይ ቀልድ ነው፤ በእውን የሚሆን አይደለም» የሚል ካለ ሥርዓቱን ከጥንት የያዘችውን እንግሊዝን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2024 በተደረገው ምርጫ የሌበር ፓርቲ 33.7 በመቶ ድምፅ አግኝቶ ከ650 ወንበሮች 411ዱን ወሰደ። ሦስት ሰው ድምፅ ቢሰጥ አንዱ ነው የመረጠው፤ ሦስት ወንበር ቢኖር ግን ሁለቱን ያዘ ማለት ነው። በዚያው ምርጫ ሪፎርም የተባለው ፓርቲ 14.3 በመቶ አግኝቶ የደረሰው አምስት ወንበር ብቻ ነው። ፓርቲውን ውደዱት ጥሉት፣ ሂሳቡ ግን ሂሳብ ነው። ነባሩ ዴሞክራሲ እንኳ በዚህ ሚዛን ሲመዝን እንዲህ ከዛባ፣ የኛው ገና ጀማሪው ምን ሊሆን ነው?

ከ1 ወደ ዜሮ

የኛውን እንየው። ግንቦት 15 ቀን 2002 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበሮች 545ቱን ወሰዱ። የቀሩት ሁለት ናቸው፤ አንድ የግል ተወዳዳሪ እና አንድ የመድረክ ተመራጭ። አቶ ግርማ ሰይፉ አምስት ዓመት ሙሉ በዚያ ሰፊ አዳራሽ የተቃዋሚውን ጎራ ብቻቸውን ወክለው ተቀመጡ። አንድ ሰው! መድረክን የመረጠው ሕዝብ በሙሉ በአገሪቱ አንድ የምርጫ ክልል የሚሞላ ብቻ ነበር ማለት ነው? ማንም ጤነኛ ሰው ይህን አያምንም።

ግንቦት 16 ቀን 2007 ዓ.ም. ላይ ያቺም አንድ ወንበር በዛች። ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547 ከ547! መቶ በመቶ! ገዢዎቹ ይህን «የሕዝብ አመኔታ» አሉት። ምን ያህል አመኔታ እንደነበር ዓመት ሳይሞላ በኦሮሚያ፣ ቀጥሎም በአማራ አካባቢዎች አደባባይ የወጣው ሕዝብ መሰከረ። መቶ በመቶ የተወከለ ሕዝብ ድንጋይና ዱላ ይዞ መንገድ ላይ ምን ይሠራል? ፓርላማ ውስጥ የሚጮህለት ያጣ ሰው መንገድ ላይ ይጮሃል። ነገሩ እንዲህ ቀላል ነው።

ኢሕአዴግ በ2012 ፈረሰና ብልጽግና ተተካ። ሕጉ ግን አልፈረሰም። ሰኔ 14 ቀን 2013 በተጀመረውና መስከረም 2014 ላይ በተጠናቀቀው ምርጫ ድምፅ ከተሰጠባቸው 470 ወንበሮች 454ቱ የብልጽግና ሆኑ። አብን አምስት፣ ኢዜማ አራት። የፓርቲው ስም ተለወጠ፣ ዓርማው ተለወጠ፣ ሰዎቹም በከፊል ተለወጡ፤ የወንበሩ አደላደል ግን ያው የዱሮው ነው። ታዲያ ነገሩ ያለው በሰዎቹ ላይ ብቻ ነው?

«ችግሩ ስርቆቱ ነው» ለሚሉን

አውቃለሁ፤ እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ ጋዜጣውን ጠረጴዛ ላይ ወርወር አድርጎ «አቦ ተወን! እኛን የበላን ኮሮጆ ግልበጣው ነው፤ እስሩ ነው፤ ዱላው ነው። አንተ ስለ መቶኛ ትነግረናለህ!» ይላል።

እውነቱን ነው። አልክድም። ቆጣሪው ጠመንጃ ከሆነ የትኛውም የምርጫ ሥርዓት አያድንም። ተመጣጣኝ ውክልና ኮሮጆ አይጠብቅም፣ የታሰረ አይፈታም፣ ፍርድ ቤትን ነፃ አያወጣም። በ1997ቱ ቀውስ መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪል ሰዎች መገደላቸውን አረጋግጧል። ለዚህ ደም የምርጫ ሕጉን ሰበብ አድርጌ ለተኳሹ መሸሻ አልሰጥም።

ነገር ግን ወገኖቼ፣ አንድ ነገር እንጠይቅ። ሌባ ወደየትኛው ቤት ነው የሚገባው? አንድ ቁልፍ ሰብሮ ንብረቱን ሁሉ ጠራርጎ ወደሚወጣበት ቤት ነው። አሁን ያለው ሥርዓት እንደዚያ ቤት ነው። ፉክክሩ ጠንካራ በሆነበት የምርጫ ክልል ሁለት መቶ ካርድ የሰረቀ፣ ሁለት መቶ ድምፅ አይደለም የሚያገኘው፤ ሙሉውን ወንበር ነው! የተሸነፈው ያገኘው አሥር ሺህ ድምፅ አብሮ ይጠፋል። በተመጣጣኝ ውክልና ግን ሂሳቡ ሌላ ነው። መቶ ወንበር ባለበት ምክር ቤት አንድ ወንበር ለመስረቅ ከጠቅላላው ድምፅ አንድ በመቶ ያህል መስረቅ አለብህ። ሁለት መቶ ካርድ ብትሰርቅ የምታተርፈው ኃጢአት ብቻ ነው።

ሌላም አለ። ሁሉንም ወይም ምንም በሚባልበት ጨዋታ ገዢው መሸነፍን እንደ ሞት ነው የሚያየው። በ1997 አዲስ አበባ ላይ ከ138 አንድ የደረሰው ገዢ ፓርቲ ምን ተማረ? «ከተሸነፍን ከምድረ ገጽ እንጠፋለን» የሚለውን ተማረ። ኢሕአዴግ ከተማው ውስጥ በነበሩት ደጋፊዎቹ ልክ በምክር ቤቱ ተቃዋሚ ሆኖ ቢቀመጥ ኖሮ እንደ ሰው ይሸነፍ ነበር? ላይሸነፍ ይችላል። ግን ሕጉ ያንን በር ጭራሽ አልከፈተለትም። ለኛም አልከፈተልንም።

ሌሶቶ የቀመሰችው

ይህን ጣጣ ከኛ በፊት ቀምሳ መድኃኒት የፈለገች ትንሽ አፍሪካዊት አገር አለች፤ ሌሶቶ። እ.ኤ.አ. በ1993 በተደረገው ምርጫ አንድ ፓርቲ 65ቱንም ወንበሮች ጠቀለለ። ተሸናፊው የባሶቶ ብሔራዊ ፓርቲ ከመቶ ሃያ ሁለት በላይ ድምፅ አግኝቶ አንድም ወንበር አልደረሰውም። በ1998 ደግሞ ሌላ ፓርቲ በ60 በመቶ ገደማ ድምፅ ከ80 ወንበሮች 79ኙን ወሰደ። የባሶቶ ብሔራዊ ፓርቲ አሁንም ከአራት ሰው አንዱ ያህል መርጦት አንድ ወንበር! (79 ለ 1፤ ቁጥሯ አዲስ አበባን አታስታውሳችሁም?)

ከዚያስ? ሕዝቡ በቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ተሰበሰበ። ነገሩ ከረረ። በመስከረም 1998 የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ድንበር አልፈው ገቡ፤ ቦትስዋናም ተከተለች። ዋና ከተማዋ ማሴሩ ተዘረፈች፣ ነደደች፤ ሰውም አለቀ።

ከአመዱ መሐል የሌሶቶ ሰዎች ቁጭ ብለው ተነጋገሩ። ሕጉን ለወጡ። 80ው የምርጫ ክልል እንዳለ ሆኖ 40 ተጨማሪ ወንበር አስቀመጡ፤ ያም 40 ወንበር በምርጫ ክልል ተሸንፎ ድምፁ ለባከነበት ፓርቲ ማካካሻ እንዲሆን አደረጉ። በ2002 በአዲሱ ሕግ ሲመረጥ ያው ሁለት ጊዜ የተበላው ፓርቲ 21 ወንበር አገኘ። አሸናፊው አሸናፊነቱን አላጣም፤ መንግሥት መሠረተ። ተሸናፊው ግን ድንጋይ ከማንሳት ይልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠ። በ2012 ደግሞ ለዓመታት የገዛው ጠቅላይ ሚኒስትር በምርጫ ወርዶ የጥምር መንግሥት ተመሠረተ። ሌሶቶ ገነት ሆነች አልልም፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ተናውጣለች። 79 ለ 1ን ግን ቀብራዋለች።

ጎረቤቷ ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ገና ከመነሻው ብልህ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1994 የማንዴላ ፓርቲ በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ቢወዳደር ኖሮ ከዚያም በላይ ወንበር ይዝቅ ነበር። ግን ተመጣጣኝ ውክልናን ተቀበለ። 62.65 በመቶ አገኘ፤ ከ400 ወንበሮች 252ቱን ወሰደ። ሂሳቡ ልክ ነው። በጄኔራል ቪልዮን የሚመራው የነጮቹ ፓርቲ፣ ጠመንጃ ያነሳል ተብሎ የተፈራው ማለት ነው፣ ሁለት በመቶ ገደማ አግኝቶ ዘጠኝ ወንበር ያዘ። ዘጠኝ ወንበር ከዘጠኝ መትረየስ ይሻላል። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ በ2024 ያው የማንዴላ ፓርቲ ወደ 40 በመቶ ሲወርድ 159 ወንበር ብቻ ደረሰው፤ ተቀናቃኞቹን ለምኖ ጥምር መንግሥት መሠረተ። ትናንት ለሌሎች የተወው ቦታ ዛሬ ለራሱ ማረፊያ ሆነው። ጉድጓድን አለማራቅ ማለት ይህ ነው!

መንግሥት ይፈርሳል ወይ?

ከዚያኛው ወገን የሚመጣ ሙግትም አለ። «ተመጣጣኝ ውክልና ትንንሽ ፓርቲዎችን ይፈለፍላል፤ መንግሥት አይጸናም፤ እስራኤልን እዩ» ይሉናል። እስራኤል እውነትም ከሚያዝያ 2019 እስከ ኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ አምስት ጊዜ መርጣለች። አገሪቱ በሙሉ አንድ የምርጫ ክልል ናት፤ 120 ወንበር በፓርቲ ዝርዝር ይከፋፈላል።

ይህ ሙግት ግማሽ እውነት አለው፤ ልንሰማውም ይገባል። ለዚህ ነው ዝቅተኛ መግቢያ የሚበጀው። እዚያው እስራኤል 3.25 በመቶ ያልሞላ ፓርቲ አይገባም፤ በ2022 ሜሬትዝ የተባለው ነባር ፓርቲ በትንሽ ፍርፋሪ አንሶት ውጭ ቀርቷል። ለኛም የሚሆን መግቢያ መወሰን ይቻላል። የሌላውን ጎን ደግሞ እንይ። በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን በቁጥር ጥቂት ናቸው፤ በየከተማው ተበታትነውም ነው የሚኖሩት። ምርጫው በሰፈር የሚከፋፈል ቢሆን ኖሮ የትኛውን ክልል ብቻቸውን ያሸንፉ ነበር? ሆኖም በ1996 አዲሱ መሰለ በሌበር ፓርቲ ዝርዝር ገብቶ የመጀመሪያው ቤተ እስራኤላዊ የፓርላማ አባል ሆነ። የተበተነን ሰው ድምፅ ሰብስቦ አንድ ቦታ የሚያደርሰው እንዲህ ያለው ሥርዓት ነው።

እኛ ዘንድ የተበተነ ሰው የለም? በየክልሉ «ከሌላ ቦታ የመጣ» እየተባለ የሚኖረውን አስቡት። በአንድ ወረዳ ሃያ፣ በሌላው አሥራ አምስት ከመቶ የሆነውን። ዛሬ ባለው ሕግ ይህ ሰው ዕድሜ ልኩን ቢመርጥ አንድ ጊዜም አያሸንፍም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። እኛ ሃምሳውንም ሎሚ ለአንዱ አሸክመን አርባ ዘጠኙን ባዶ እጁን እንሰደዋለን።

የሕገ መንግሥቱ አርቃቂዎች ይህን አላወቁም እንዳንል ደግሞ እዚያው አንቀጽ 54 ውስጥ ንዑስ አንቀጽ 3 አለ። ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ብሔረሰቦች ከ20 የማያንስ ወንበር ተለይቶ ተቀምጧል። ለምን? አብላጫ ድምፅ አነስተኛውን እንደሚውጥ አውቀው ነዋ! በሽታውን ካወቁ ዘንድ መድኃኒቱን ለጥቂቱ ብቻ ሰጥተው ሌላውን ለምን ለበሽታው ተዉት?

«ተወካዬን በስም ላውቀው እፈልጋለሁ፤ የፓርቲ ዝርዝር አልመርጥም» የሚልም አለ። ይህም ተገቢ ጥያቄ ነው። ጀርመንና ኒውዚላንድ መልሰውታል፤ መራጩ ሁለት ድምፅ ይሰጣል። አንዱን ለሰፈሩ ተወካይ፣ ሌላውን ለፓርቲ። ኒውዚላንድ እንደኛው በአብላጫ ድምፅ ስትገዛ ኖራ በ1978 እና በ1981 ብዙ ድምፅ ያገኘው ፓርቲ ተሸንፎ ያነሰ ያገኘው መንግሥት ሲሆን አየች። ሕዝቧም በ1993 በሕዝበ ውሳኔ «ይብቃን» አለ። በ1996 በአዲሱ ሥርዓት መረጠ። አገሯ አልፈረሰም።

የተገባው ቃልስ?

ኧረ ለመሆኑ ይህን ጉዳይ ገዢዎቻችን አያውቁትም? አሳምረው ያውቁታል! መስከረም 30 ቀን 2009 ዓ.ም. አገር በአመጽ ስትናጥና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ማግስት፣ ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ ፓርላማውን ሲከፍቱ የምርጫ ሕጉ ተሻሽሎ ተመጣጣኝ ውክልና እንደሚታከልበት ተናግረዋል። ያ መቶ በመቶ የተያዘ አዳራሽ ነው ይህን የሰማው! ከዚያ ኢሕአዴግና የተወሰኑ ፓርቲዎች ወራት የፈጀ ድርድር ተቀመጡ። በ2010 ላይ «ቅይጥ ትይዩ» በሚባል ሥርዓት ተስማማን አሉ፤ ሰማንያ እጁ በአብላጫ ድምፅ፣ ሃያ እጁ በተመጣጣኝ።

እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ቃሏ ውስጥ የተደበቀች እሾህ አለች። «ትይዩ» ማለት ሁለቱ ቋቶች አይተያዩም ማለት ነው። የሌሶቶው ማካካሻ ነው፤ የባከነ ድምፅ ይመልሳል። ትይዩው አይመልስም። 60 በመቶ ያገኘ ፓርቲ የምርጫ ክልሎቹን ሁሉ ካሸነፈ ሰማንያውን እጅ ይጠቀልላል፤ ከሃያውም ደግሞ 60 በመቶውን፣ ማለትም አሥራ ሁለቱን ይጨምራል። በድምሩ 92! አርባ በመቶ የሆነው ሕዝብ ስምንት እጅ ይደርሰዋል። ከዜሮ ይሻላል ካላችሁ እሺ፤ ግን ይህ ምጽዋት ነው፤ ውክልና አይባልም።

ምጽዋቱም ቢሆን አልደረሰን። የካቲት 8 ቀን 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን መልቀቃቸውን አስታወቁ። አዲስ ሰው መጣ፣ አዲስ ተስፋ መጣ፣ እስረኛ ተፈታ፣ ስደተኛ ተመለሰ። በዚያ ጭብጨባ መሐል የምርጫው ሥርዓት ነገር ተረሳ። በ2011 አዲስ የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 ወጣ፤ ያው አብላጫ ድምፅ እንዳለ ተቀመጠ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። ወረቀቱን የያዙት ግን ሞኞች አልነበሩም።

እና ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ አንቀጽ 54 ንዑስ 2 መሻሻል አለበት። ከባድ ነው? አዎ፤ በአንቀጽ 105 መሠረት የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ እና የክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ይጠይቃል። ሆኖም ምክር ቤቶቹን ሁሉ ጠቅልሎ ለያዘ ፓርቲ ይህ ምን ይከብዳል? «ሕገ መንግሥቱ ከለከለን» የሚለው ሰበብ ከማንም አፍ ቢወጣ ከጠቅላዩ አፍ አያምርም።

ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ሕገ መንግሥት እስኪሻሻል መጠበቅ አያስፈልጋትም። አንቀጽ 54 የሚናገረው ስለ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። የከተማው ምክር ቤት የሚተዳደረው በቻርተር ነው፤ የ1995ቱ ቻርተር ራሱ አዋጅ ቁጥር 361 ነው፤ እንደማንኛውም አዋጅ በፓርላማ ተራ ድምፅ የሚሻሻል። ከተፈለገ 138ቱ ወንበሮች በድምፁ ልክ ይከፋፈሉ ብሎ መወሰን የአንድ ስብሰባ ሥራ ነው። እዚህ ይሞከር። 137 ለ 1 የተወለደው እዚህ ነው፤ የሚቀበረውም እዚህ ይሁን።

ሦስተኛው ለኛው ጎራ ነው፤ እሱም ይመራል። ከተቃዋሚዎቹ አንዳንዶች ተመጣጣኝ ውክልናን ሲጠይቁ መኖራቸውን አውቃለሁ። ግን የትኛው ፓርቲ ነው «ነገ እኔ ባሸንፍ እንኳ ይህን ሕግ እለውጠዋለሁ፣ ወንበሬንም እቀንሳለሁ» ብሎ በፊርማው የሚምልልን? ተሸንፎ ስለ ፍትሕ ማውራት ማንም ይችላል። በ1997 ያሸነፍን ዕለት ስለ ጋሼ ድምፅ ብንጮህ ኖሮ፣ በ2000 ስለኛ የሚጮህ አንድ ሰው ባላጣን። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለኛ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ዕጩ መጥቶ እጅህን ሲጨብጥና መንገድ እሠራለሁ፣ ውኃ አስገባለሁ ሲልህ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቀው፦ «አንተን ያልመረጥኩ እንደሆነ ድምፄ የት ይገባል?» በለው። መልስ ከሌለው ወንበሩን እንጂ አንተን አልፈለገም።

ጋሼ ዛሬ በሕይወት የሉም። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያኔ የሳቅኩባቸውን ጥያቄ ወርሼዋለሁ። በአንድ ወንበር ላይ ስንት ሆነን ነው የምንደራረበው?

ልብ ያለው ልብ ይበል!